የእመት ዳለቻ ቦታ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ እመት ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ ሞተች።

ባሏ አያ ቡላ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ጨው ጭነዋል። እኩል ተጭነው፣ እኩል ሸብተው፣ በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ። ጌታቸው መጫኛውን ፈቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለና፣ «በቃችሁ፤ ከእንግዲህ ወደፈለጋችሁበት ሂዱ» አላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ግን ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው ጭነት ሲጠብቁ ተገኙ። ፀሐይ ወጣች። ጤዛው ደረቀ።

«ማንም አይመጣም እኮ» አለች ዳለቻ።

«ትንሽ እንይ» አለ ቡላ።

«ምኑን ነው የምናየው? ይህን ሁሉ ዓመት ያለፍንበትን አገር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለን አይተነዋል? እኔ የማውቀው ያንተን ኮቴና አቧራውን ነው። ና፣ ባዶ ጀርባችንን ይዘን እንሂድ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«አንተ አህያ! ሰው መቼ አህያን ሲያመሰግን ሰምተህ ነው?»

እንዲህ ተጀመረ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ይነሳሉ። ሜዳውን አቋርጠው፣ የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው፣ በሰው አገር ካለ አንድ ሐይቅ ዳር ሦስት ወር ይቀመጣሉ። በልግ ሳይጥል ይመለሳሉ። ዳለቻ ጉብታ ባየች ቁጥር ወጥታ ትቆማለች። ቡላ ደግሞ ጭነት እንደሚያደርስ ይቸኩላል።

«ማን ይቀበለናል ብለህ ነው የምትሮጠው?» ትለዋለች ከላይ ሆና። እሱም እያጉረመረመ ይጠብቃታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አህዮች ሲያርፉ ጎን ለጎን፣ ግን ፊትና ኋላ ተዟዙረው ይቆማሉ። የአንዱ ፊት በሌላው ጭራ በኩል ይሆናል። እሷ የእሱን ኋላ ታያለች፤ እሱ የእሷን ያያል። የእሷ ጭራ ከእሱ ዓይን ላይ ዝንብ ያባርራል፤ የእሱም ከእሷ። ሁለቱ ሃያ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት እንዲህ ቆመው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ከሐይቁ ሲመለሱ ዳለቻ፣ «ለከርሞ ወዲያኛውን ዳር እናየዋለን» ብላ ነበር። ለከርሞ አልደረሰችም። ቡላ በሞተች በማግስቱ ብቻውን ተነሳ። ወዲያኛውን ዳር ሳያይ ቢቀር፣ ያለችው ነገር ሁሉ አብሯት የሚቀበር መሰለው።

ሄደ። ግን መተኛት አልቻለም። ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ዓይኑን ሲከድን፣ ኋላው ባዶ እንደሆነ ይታወቀዋል። ይባንናል። ዞሮ ያያል። ማንም የለም። እንደገና ይከድናል፤ እንደገና ይባንናል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ወንዙ ጋ ሊደርስ ሲል፣ ለመንገደኛ መንገድ እያሳየች የምትኖር አንዲት ቀበሮ አገኘችው።

«ደህና አደርክ፣ አያ ቡላ! ዘንድሮ ብቻህን ነህ እንዴ? እመት ዳለቻስ?»

«የለችም።»

«ውይ! ውይ!» ቀበሮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ከንፈሯን እየመጠጠች ዞር ብላ ታፋውን አየች። «ዓይንህ ደም መስሏል። አትተኛም?»

«ኋላዬን የሚያይልኝ የለም።»

ይህ ለቀበሮ የሚነገር ነገር አልነበረም።

«ለዚህ ነው? ይህማ ቀላል ነው!» አለች። «አብሮህ የሚሄድ፣ ኋላህን የሚያይልህ አለኝ። አያ ጅቦን ታውቀዋለህ።»

«ጅብ?»

«ስሙን ስትሰማ አትደንግጥ። እሱም እንዳንተ ጡረታ ወጥቷል። ጥርሱ አልቋል፣ ሥጋ ትቷል። ሲመሽ ሲነጋ የሚያወራው ስለ ጎመን ነው። አንተ ትተኛለህ፣ እሱ ደግሞ አገር ያያል።»

አያ ቡላ ጅብ ምን እንደሆነ አልረሳም። ግን ዘጠኝ ቀን አልተኛም።

«እሺ» አለ።

ቀትር ላይ ሦስቱም ከአንድ ግራር ሥር ደረሱ። ጅቡ ከአህያው ጎን መጥቶ ቆመ።

«ፊቴን ወዴት ላድርግ?»

«ወደ ኋላዬ።»

«ይህማ ደስ የሚል ሥራ ነው» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የማየው?»

«ሐይቁ እስክንደርስ።»

«ሐይቁ? እሜቴ ቀበሮ እስከ ወንዙ ነው ያለችኝ።»

ቀበሮዋ ሳል ያዛት። «ከወንዙ ወዲያ ሌላ ተረኛ አለ ለማለት ነው። አያ ጅቦ፣ አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡላ ይህን ሰምቶ ጆሮውን ያቆም ነበር። አሁን ጆሮው ከበደው። ዓይኑን ከደነ። ከጎኑ የሌላ ገላ ሙቀት ሲሰማው፣ ዘጠኝ ቀን የራቀው እንቅልፍ መጣ።

ዝንቦቹም መጡ። አንዷ ዓይኑ ጥግ አረፈች። ሁለተኛዋም አረፈች። ቡላ በእንቅልፍ ልቡ ጠበቀ። ጭራው መምጣት አለበት። አልመጣም።

«ዳለቻ፣ ጭራሽን» አለ።

አልመጣም። የጎኑም ሙቀት ጠፋ። ሙቀቱ አሁን ከኋላው ነው፤ እንደ ትንፋሽ፣ ታፋው ላይ። ዳለቻ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከጎኑ ተነስታ ወደ ኋላው ዞራ አታውቅም።

ቡላ ሳይባንን ተራገጠ። በሁለቱም እግሩ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጨው ባጠነከረው እግር።

«ወይኔ ጥርሴን!» ጅቡ ግራሩ ግንድ ላይ ተለጥፎ ወደቀ። አፉን በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። «አንቺ! ጥርሱ አልቋል ብለሽ ነግረሽው ነበር። ይኸው፣ አሁን እውነት ሆነልሽ!»

«እስከ ወንዙ ታገስ አላልኩህም፣ አንተ ሆዳም! ማዶ ብንበላው ማን ይጠይቀን ነበር?»

«ምን ላድርግ? እይ አላችሁኝ፣ አየሁት! እንዲህ እያዩ ማን ይታገሳል?»

ቀበሮዋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ጅቡም እያነከሰ ተከተላት። የሚያነክሰው እግሩን ተመትቶ አልነበረም፤ ከድንጋጤው የተነሳ የቱን እንደተመታ ስላላወቀ ነው።

ቡላ አልሳቀም። አላሳደዳቸውም። ደክሞት ነበር። ጥቂት ቆሞ መንገዱን ቀጠለ።

ወንዙ ጋ መሻገሪያውን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ አለ። ሦስት ዓመት ሲያልፉ ያውቃቸዋል። ቡላን ሲያይ ተነስቶ ከኋላው ያለውን መንገድ ቃኘ።

«እመት ዳለቻ የት ቀረች? እንደ ልማዷ ጉብታ ላይ ወጥታ ይሆናላ! እንጠብቃት?»

«አንጠብቃትም። አረፈች።»

ዝንጀሮው ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን አከከ። «እግዜር ያጥናህ» አለ። «ታዲያ ብቻህን እንዴት ትተኛለህ? እዚህ አካባቢ አንዲት ደግ በቅሎ አለች፤ ብጠይቅልህ?»

«አይ፣ ወንድሜ። ቦታው ይቆይ።»

ወንዙን ተሻገረ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተጉዞ፣ በለመዱት ዳር አልፎ፣ ሐይቁን ዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወዲያኛው ዳር ደረሰ።

ወዲያኛው ዳር ምንም የተለየ ነገር የለውም። ሳሩ ያው ሳር ነው፤ ውሃውም ያው ነው። ዞር ብሎ ሲያይ ግን፣ ከውሃው ባሻገር ሦስት ዓመት የቆሙበት ሾላ ወለል ብሎ ታየው። ከሥሩ ሆነው አይተውት አያውቁም ነበር። ትልቅ ዛፍ ኖሯል።

«አየሁት» አለ ቡላ። የሚሰማው ግን አልነበረም።

ሳሩን ግማሹን ጋጠ፤ ግማሹን ተወው። ከዚያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ፈለገና ኋላውን አስጠግቶ ቆመ። ቋጥኝ አይርበውም። በጎኑ አንዲት አህያ የምትቆምበት ስፍራ ክፍት ተወ።

ዝንቦቹ ሲመጡ፣ ዓይኑን ከመክደኑ በፊት፣ ጭራውን አንስቶ የዳለቻ ፊት ይሆንበት ከነበረው ቦታ ላይ ዝንቦቹን አባረረ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሄደ ወዳጅ ቦታ ባዶ ሆኖ ቢከብደንም፣ ስለደከመን ብቻ ለመጣው ሁሉ መስጠት እንደሌለብን ነው።