ማንጠግቦሽና የደጃፏ ጉድጓድ

የሚያንቀላፋ ካለ ቀስቅሱት፤ ልጀምር ነው!

በአንዲት ቆላ መንደር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ የውብዳር የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ልትመጣ ነው፤ ወጉ ነዋ! ማንጠግቦሽም በደስታ በውሰት ዶማ ደጃፏን ቆፍራ፣ ጭቃ አቡክታ ቤቷን እንደ አዲስ መረገችው። ጉድጓዱን ግን ዝናብ ሞላው።

በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሰው መርጧት ከሌሎች ሴቶች ጋር ስለ ወባ መከላከል ሠለጠነች። አሠልጣኟ ሲኒ አስያዘቻቸውና ያቆረ ውሃ አስቀዳቻቸው። በውስጡ ትል የመሰለ ነገር ይፍጨረጨራል። «ነገ ትንኝ የሚሆነው ይሄ ነው» አለቻቸው። ማንጠግቦሽ ቤቷ ተመልሳ ከደጃፏ ጉድጓድ ብትቀዳ፣ ጉድ በል! ሲኒው ሙሉ ይራወጣል።

«ወይኔ ልጄን! ለነፍሰ ጡር ወባ ምን ያህል ክፉ እንደሆነች እየተማርኩ፣ እኔው በደጄ አረባታለሁ?» አለች። «ጉድጓዱ ሳይደርቅ እንዳትመጪ» ብላ ለልጇ ላከችና ውሃውን በቦይ አፍስሳ ጉድጓዱን ለመድፈን ዶማ ፍለጋ ወጣች።

«ጋሽ ስንሻው፣ እባክዎ ዶማዎን ያውሱኝ።»

«ውሰጂው እህቴ፤ ግን እጀታው ተሰብሯል።»

እጀታ ከሌለው ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ካልቆፈረ ጉድጓዱ አይደርቅም፤ ጉድጓዱ ካልደረቀ የውብዳር አትመጣም። ሌላ ዶማ የለም ወይ የሚለኝ ካለ፣ ተረቱን እሱ ይጨርሰው!

ወደ አናጢው ሄደች። «አያ መኳንንት፣ እጀታ ጥረብልኝ።»

«በደስታ! መጥረቢያዬ ግን አፉ ተሸርፏል።»

መጥረቢያው ካልተቀጠቀጠ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ካልተጠረበ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ካልቆፈረ ጉድጓዱ አይደርቅም፤ ጉድጓዱ ካልደረቀ የውብዳር አትመጣም።

ወደ ብረት ቀጥቃጩ ሄደች። «አያ ብርሌ፣ ይህችን መጥረቢያ ቀጥቅጥልኝ።»

«እኔ መች ሰነፍኩ? ወናፌ ነው የተቀደደው። ጎረቤትሽ አልጋነሽ የፍየል ቆዳ አላት፤ አልፍታ ትስጠኝ።»

ቆዳው ካልለፋ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መጥረቢያው አይቀጠቀጥም፤ መጥረቢያው ካልተቀጠቀጠ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ካልተጠረበ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ካልቆፈረ ጉድጓዱ አይደርቅም፤ ጉድጓዱ ካልደረቀ የውብዳር አትመጣም። እፎይ! ትንፋሽ ልውሰድ።

«አልጋነሽ! ያንን የፍየል ቆዳ አልፊልኝ!» እያለች ገባች። አልጋነሽ ግን ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ኧረ ተይኝ እህቴ፣ ምኑን ላልፋው? ከትናንት ጀምሮ ያቃጥለኛል፣ መልሶ ደግሞ ይበርደኛል። ያ ከደጅሽ የሚመጣው ትንኝ እኮ ጨረሰኝ!»

አልጋነሽ ካልዳነች ቆዳው አይለፋም፤ ቆዳው ካልለፋ ወናፉ... ማንጠግቦሽ እዚህ ላይ ቆመች። አፈረች። ዶማ ስትፈልግ መንደር ለመንደር ትዞራለች፤ ጉድጓዷ ያሳመማት ጎረቤቷ ግን እዚሁ ከአጥሯ ማዶ ተኝታለች። «ትኩሳት ያለበትን ሰው በዚያው ቀን ጤና ኬላ አድርሱ» ተብላ የሠለጠነችው ትዝ አላት።

«ቆዳውም ዶማውም ገደል ይግባ! ተነሺ፣ በእኔ ተደገፊ» አለቻትና ይዛት ጤና ኬላ ወረደች። ጣቷን ወግተው ደሟን አዩ፤ ወባ ነው። መድኃኒት ሰጧት። ማንጠግቦሽም ጠዋትና ማታ አጥሚቷን ይዛ እየሄደች ኪኒኑን አስዋጠቻት፤ አንዱንም አላስቀረች።

አልጋነሽ ዳነች! አልጋነሽ ስትድን ቆዳው ለፋ፤ ቆዳው ሲለፋ ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ሲነፋ መጥረቢያው ተቀጠቀጠ፤ መጥረቢያው ሲቀጠቀጥ እጀታው ተጠረበ፤ እጀታው ሲጠረብ ዶማው ቆፈረ፤ ዶማው ሲቆፍር ውሃው ፈሰሰ፣ ጉድጓዱም ተደፈነ፤ ጉድጓዱ ሲደፈን የውብዳር ሆዷን ይዛ ከተፍ አለች። እልልታው ቀለጠ!

አልጋነሽም መጣች። እንግዳዋን ከመሳሟ በፊት ያመጣችውን አጎበር ከአልጋው በላይ ሰቀለች፤ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን ወተፈች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ዝናብ ያቆረ የእንስራ ስባሪ ስታገኝ ደፋችው።

«እትዬ አልጋነሽ፣ አንቺን ደግሞ ማን አሠለጠነሽ?» አለች የውብዳር እየሳቀች።

«ወባ ራሷ ናታ!» አለች። «የእሷን ሥልጠና ለጠላቴም አልመኝም። በይ አሁን ነይና ሳሚኝ።»

የውብዳርም በሰላም ወለደች። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተም ጉድጓዳችሁን ድፈኑ።