ዛሬ ያልገባ ማን ነው?

ትምህርት ወደ ኢንተርኔት የተዛወረ ጊዜ የኮሌጅ መምህሩ ዶክተር ልሳነወርቅ አንድ ሕግ አወጡ። ክፍለ ጊዜው በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልገባ ተማሪ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቀሪ ይጻፍበታል። ሦስቴ የቀረ ደግሞ ፈተና አይቀመጥም።

ሕጉ የጸናባት አንዲት የገጠር ልጅ ነበረች። በሰፈሯ ኔትወርክ የሚገኘው ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ እንቢ አላት፤ ሌላ ቀን የስልኳ ባትሪ አለቀ። ሁለቱንም ቀን ቀሪ ተጻፈባት። ደውላ ብታስረዳቸው ዶክተሩ፣ «ሕግ ሕግ ነው» ብለው ዘጉባት።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ማልዳ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተቀምጣ በሰዓቱ ገባች። ያን ዕለት የኮሌጁ ዲን ትምህርቱን ሊጎበኙ በስክሪኑ ላይ ተገኝተው ነበር። ዶክተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና ሳይሉ ከስላይዱ ላይ አነበቡ። ሲጨርሱ ወደ ዲኑ ዞረው፣

«እንደሚያዩት አንድም የቀረ የለም። ያቺ ሁልጊዜ የምትቀረው ልጅ እንኳ በሕጉ ተስተካክላለች። እስቲ አንቺው ተናገሪ፤ ዛሬ ያልገባ አለ?» አሉ።

ልጅቷ ማይኳን ከፈተች።

«ዶክተር፣ እኛ ሁላችንም በሰዓቱ ገብተናል። ትምህርቱ ግን ይኸው አንድ ሰዓት ሙሉ ብንጠብቀው አልገባንም። እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው፤ ቀሪ ይጻፍበት።»