የምርኩዙ የፊት ጫፍ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ክረምቱ ወጣ፣ ዝንቡ ገባ፤ ወቅቱ የእሱ ነው። አንቺ ትንሿ፣ ከዓይንሽ ላይ እሽ በይው እንጂ፣ እንደ እንግዳ ምን ታስተናግጂዋለሽ? እንዲህ ነው። አሁን ስሙኝ።

አንድ ቆላ አገር ነበረ። ማሽላው ሰው የሚውጥ፣ ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ፣ ውኃው ግን ቁልቁለት ተወርዶ የሚቀዳ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ኋላ እንዳትፈርዱባቸው ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር። ከመውደዳቸው የተነሣ ፊታቸውን አያጥቧቸውም ነበር።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ልጅ ታጥቦ ፊቱ ካበራ የሰው ዓይን ይበላዋል ይሉ ነበር። ስለዚህ እናት ልጇን በጣም ከወደደች በጣም ታቆሽሸዋለች። መልከ ቀናው ልጅ ግንባሩ ጥቀርሻ ይቀባል፣ ዓይናሩ እላዩ ላይ ይደርቃል፣ ዝንቡም እዚያው ሰፍሮ ይውላል።

ታዲያ ምን ሆነ? ዓይናቸው ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ሲያድጉ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይናቸውን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። ሴቶቹ ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በየጥላው እየተቀመጡ የሚወጋቸውን ፀጉር ይነቅላሉ። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ይህንኑ ወረንጦ ነበር። አስቡት እስቲ፣ ለሙሽራ! ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዓይናቸው ይጠፋና ምርኩዝ ይይዛሉ። የምርኩዙን የኋላ ጫፍ ሽማግሌው፣ የፊቱን ጫፍ አንድ ልጅ ይይዛል። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ቤት አልነበረም። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። «የአገራችን ፀሐይ ዓይን አይወድም» ይሉና ያልፉታል።

የአገሩ ሹም ጭቃ ሹም ይርዳው ይባላሉ። እሳቸውም አያዩም። ምርኩዛቸውን የምትይዘው የልጅ ልጃቸው የውብዳር ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ሽታዬ የምትኖረው በአማቷ በጭቃ ሹሙ ግቢ ነው። የውብዳር እንደ ስሟ ቆንጆ ነበረች። ስለዚህ ከአገሩ ልጅ ሁሉ የቆሸሸች እሷ ነበረች።

አንድ ጊዜ ልክ እንዲህ ክረምቱ ሲወጣ አንዲት መምህርት መጣችና ከዋርካው ሥር ትምህርት ቤት ከፈተች። ከቅርንጫፉ ላይ ቅል አንጠለጠለች። ቅሉ ከታች ተበስቶ በእንጨት ተወትፏል፤ እንጨቱን ነቀል ሲያደርጉት ውኃው እንደ ክር ይወርዳል። ለፊት የሚበቃ አንድ እፍኝ ብቻ፤ ውኃ እንዳይባክን ብላ ነው።

«ፊቱን የታጠበ ይገባል» አለች። «የገባ ፊደል ይቆጥራል። ቀትር ላይ ደግሞ ንፍሮ ይበላል።»

ሰዉ ንፍሮውን ወደደው። ፊደሉንም አልጠላውም። ቅሉን ግን ፈራው። «ልጆቻችንን ለሰው ዓይን ልታሰጣቸው ነው የመጣች» አሉ። አንድም ልጅ ሳይመጣላት ንፍሮዋን ለአላፊ አግዳሚው ስታድል ሰነበተች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ወደ ሸንጎ ሲሄዱ፣ የውብዳር እሾህ አጥር ውስጥ ይዛቸው ገባች። ጋቢያቸው ተቦጨቀ፣ እጃቸው ደማ። ምርኩዙን ነጠቁና ጀርባዋን አቀመሷት።

«አታይም እንዴ አንቺ!»

«ፀሐዩ ያቆስለኛል አባባ። ጨፍኜ ነው የምሄደው።»

«ምን? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት በፊት ጀምሮ። መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሰዎቹ አጥሩን ወደ መንገዱ አስፍተውት ነው እንጂ…»

ሽታዬ ከማሽላው መሀል ሆና ይህን ሰማች። ያልሰማችው ነገር አልነበረም፤ ልጅ ዓይኔን ሲል ስንት ጊዜ ሰምታለች። ያን ቀን ግን ነገሩ ሌላ ሆነባት። የማያዩት ሰውዬ የማታይ ልጅ ይዘው፣ ለምን አታይም ብለው ይመቷታል። እጇን አንገቷ ላይ ካለው ወረንጦ አደረገች። «ይህን ነው የማወርሳት?» አለች በልቧ።

በማግስቱ ውኃ ቀድታ መጣችና ልጇን በግቢው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አቁማ ፊቷን ታጥባት ጀመር። ጥቀርሻው እየቀለጠ ወረደ።

«ኧረ ሽታዬ!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ልጅሽን ልታስበያት ነው?»

«ዝንብ እየበላት አይደል እንዴ! ለዝንቡ ስተዋት የት ነበርሽ?»

ጭቃ ሹሙ ከውስጥ የውኃውን ድምፅ ሰምተው ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝ አባቴ። ዛሬ ዋርካው ሥር ትማራለች።»

«እኔንስ ማን ይመራኛል?»

«እሷው ትመራዎታለች።»

«ወዴት?»

«ወደ ትምህርት ቤት።»

«እኔ የምሄደው ሸንጎ ነው!»

«እንግዲያ ሌላ መሪ ይፈልጉ። የፊቱን ጫፍ የያዘችው እሷ ናት፤ የምትሄደውም ወደ ዋርካው ነው። የኋላውን መያዝም መልቀቅም የእርስዎ ነው።»

ይታያችሁ፤ ለአማት፣ ያውም ለጭቃ ሹም! ጎረቤቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ከግቢዬ ባስወጣሽ ማን ያስጠጋሻል?» አሏት።

«ልጄ ካየች እሷ መንገድ ታሳየኛለች። ካላየች ግቢው ምን ያደርግልኛል?»

ሽማግሌው ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙና ምን ያድርጉ፣ የኋላውን ጫፍ ያዙ። የውብዳር ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ እያጉረመረሙ ወደ ዋርካው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ልጅቷ ትማራለች፣ ጭቃ ሹሙ የዋርካውን ግንድ ተደግፈው ይቀመጣሉ። «ለጥላው ብዬ ነው» ይላሉ። ባለጉዳይ ሁሉ እዚያው ይመጣባቸው ጀመር። እኒያ ባለጉዳዮችም አንድ ሁለት ልጆቻቸውን በፍርሃት ቅሉ ሥር አቆሟቸው። አንዷማ ለማንኛውም ብላ ልጇን ግማሽ ፊቱን ብቻ አጥባ አመጣችው። መምህርቷ አየቻትና «ታዲያ ግማሹ ይግባ፣ ግማሹ ውጭ ይቆይ?» አለቻት። ልጁ ራሱ ሳቀና ሌላውን ግማሽ ታጠበ።

ሽማግሌውም እየቆዩ ዝም ማለት አቃታቸው። ልጅ ሲሳሳት ከግንዱ ሥር «ሁ ነው እንጂ! አሁን አይደል እንዴ የነገረቻችሁ!» ይሉ ጀመር። ንፍሮውንም ለመቅመስ ያህል ይሉና አፍሰው አፍሰው ይበላሉ።

መምህርቷ ከጤና ኬላ ቅባት እያመጣች የውብዳርን ዓይን ትቀባላት ነበር። ማሽላው ሲያጎነብስ የልጅቷ ዓይን ተገለጠ። አንድ ቀን በመንገድ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አሏት።

«ወፏ አባባ! ሆዷ ቢጫ ነው!»

ስንት ዘመን በዚያ መንገድ ተመላልሳ ወፏን አይታት አታውቅም ነበር።

እንግዲህ ደስ አለን ስንል ንዳዱ ገባ። የውብዳር ተንቀጠቀጠች፣ ጋለች፣ ተኛች። አገሩ ይህን ሲጠብቅ ነበርና ግቢው ሞላ። «በላት! አላልንም!» አሉ። ድንጋይ የያዘ አለ፣ ቅሉን ሊሰብር። ልጆቹን ያስገቡት ሁሉ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ከተቱ። አንዲት አሮጊት ጥቀርሻ በእፍኟ ይዛ መጣች።

«ጭቃ ሹም፣ ይዘዙ!» አሉ። «ልጅቷ ትቀባ። ቅሉ ይሰበር። ያቺም መምህርት አገር ለቃ ትሂድ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሽታዬ ዘረጉ። «ሽታዬ፣ ልጄ፣ ቀቢያት። እኔም ማየቷን ለምጄው ነበር። ግን ነፍሷ ትትረፍ።»

ሽታዬ እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እንቢ።»

«ልጅሽ እኮ ልትሞት ነው!» አለች አሮጊቷ።

«ብትሞትም ፊቷን ታጥባ ትሞታለች። እንቢ ብያለሁ፣ እንቢ!» ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች። «አባቴ፣ የሰው ዓይን የሚበላው የታጠበውን ከሆነ እርስዎን ማን በላዎት?»

ጭቃ ሹሙ የጠፋ ዓይናቸውን ዳበሱ።

«እናትዎ ይወዱዎት ነበር፤ አንድም ቀን ውኃ አላስነኩዎትም። ታዲያ ዓይንዎ የት ሄደ? እናንተስ፣ ይህን ወረንጦ በአንገታችሁ ያንጠለጠላችሁት ሁሉ፣ ታጥባችሁ ነው እንዲህ የሆናችሁ? እስከ ዛሬ ልጆቻችንን ስንደብቅ የማንን ዓይን አተረፍን? አንድ ሰው ይንገረኝ! አንድ!»

የሴቶቹ እጅ ሁሉ ወደየአንገታቸው ሄደ። ድንጋይ የያዘውም ድንጋዩን የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

ጭቃ ሹሙ «ውኃ አምጡልኝ» አሉ። እዚያው በሰው ፊት ፊታቸውን ታጠቡ። በራላቸው ብላችሁ ስትጠብቁ አያችኋለሁ። አልበራላቸውም። ለተረት ብዬ አልዋሻችሁም፤ የጠፋ ዓይን በውኃ አይመለስም። ነገር ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁና ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ምርኩዙንም በበሩ አግድም ዘረጉት።

«ጥቀርሻ ይዞ የሚገባ ሰው ካለ» አሉ፣ «በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ።»

አሮጊቷ እፍኟን አራገፈች።

መምህርቷ ይህ ሁሉ ሲሆን አልነበረችም፤ በማለዳ ወደ ጤና ኬላ ገስግሳ ነበር። ላብ በላብ ሆና መድኃኒት ይዛ ደረሰች። «ንዳድ ነው እናቶቼ» አለች። «ክረምቱ ካቆረው ውኃ፣ ከትንኝ የሚመጣ ነው። የታጠበውንም ያልታጠበውንም ይይዛል። በዚያኛው ሠፈር ባልታጠቡት ልጆች ላይም ገብቷል፤ ሂዱና እዩ።» ሄደው አዩ። እውነትም ገብቷል።

የውብዳር መድኃኒቱን ዋጠች። ሽታዬ ከአጠገቧ ሳትነሣ፣ ፊቷን እያበሰች ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጅቷ ቀና አለችና «አባባ፣ ምርኩዙ የታለ? ረፈደብን እኮ» አለች።

ልጆቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወላጆችም፣ ይህን ያወራሁላችሁ እንድትስቁ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ምርኩዝ ይዘናል። እኛ ትልልቆቹ የኋላውን፣ ልጆቹ የፊቱን። ብንወድም፣ ብንጠላም፣ ነገ የምንሄደው እነሱ ወደሚወስዱን ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለተማሪ ምሳ ሲቀርብ፣ የልጅ ዓይን ሲታከም «ለልጆች ተብሎ ይህ ሁሉ ድካም!» የሚል ሰው አለ። ለልጆች ብቻ ነው እንዴ? ሆዱ ባዶ፣ ዓይኑ የታመመ፣ ፊደል ያልያዘ ልጅ ከፊታችን አቁመን ምራን ካልነው፣ እሾህ ውስጥ ሲከተን የምንመታው ማንን ነው? ልማዱ ከፍቅር የመጣ ቢሆን እንኳ፣ የሚያዝዛችሁ አማት ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ ልጅ የሚያሳውር ከሆነ እንቢ በሉ። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከፊታችሁ ያለውን ልጅ እዩት። መንገዱን እያየ ነው የሚሄደው ወይስ ጨፍኖ በእግሩ እየገመተ?

ከዚያስ ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። መምህርቷ ለሌላ ሰው አስረክባ፣ አዲስ ቅል ይዛ ወደ ሌላ ቆላ ወረደች። ጭቃ ሹም ይርዳው ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በጆሯቸው ተምረው፣ በሸንጎ ሁሉ ላይ እየቆጠሩ ሰዉን ሲያሰለቹ ኖረው አረፉ። ግማሽ ፊት ታጥቦ የመጣው ልጅ ዛሬ የራሱን ልጆች ሙሉ ፊት ያጥባል። ጥቀርሻ የያዘችው አሮጊት እስከ ዕለተ ሞቷ አልተቀበለችም፤ የልጅ ልጆቿን ግን እሷ ሳታይ እናታቸው ታጥባቸው ነበር። የውብዳር ተማረች፣ ከተማ ሄደች፣ የዓይን ሕክምና አጥንታ ተመለሰች። መጀመሪያ ያከመችው እናቷን ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይኗን ቆብ በገዛ እጇ አቃናችላት። የሽታዬ ወረንጦ ዛሬም አለ። ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሾህ ይነቀልበታል።