ከበሮው ለምን ከደጅ ይጀምራል

ጊዜው ሩቅ ነው፤ ዝግባ ሜዳ ገና ሠላሳ ጎጆ ያልሞላት መንደር ሳለች ነው። በዚያ ዘመን ከወንዙ ዳር ቢሻው የሚባል ቆዳ ፋቂ ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር ይኖር ነበር። መንደሩ ሁሉ እሱ ባለፋው ቁርበት ይተኛል፤ እሱ በሠራው ጠፍር ያርሳል። እሱ ግን ከነሚስቱ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። የከለከሉት ጭቃ ሹም ይመኑ ናቸው። «የቆዳ ሽታና ዕጣን አንድ ላይ አይሆንም» አሉ፤ ማንም አልተቃወማቸውም።

ቢሻው ቅዳሴ አላስታጎለም። እሁድ እሁድ ገላውን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከደጁ ውጭ ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ ይቆማል። ፀሐይ ሲከር ይቆማል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሰው ገብቶ መጸለይ።

እንጉዳይን መረራት። «እስከ መቼ ደጅ እንቆማለን?» አለችው።

«ጌታም የተሰቀለው ከከተማው በር ውጭ ነው። እዚህ ብቻችንን አይደለንም።»

«እሱስ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። እኛ ይኸው ዘጠኝ ዓመታችን።»

ቢሻው ሳቀ። በሚቀጥለው እሁድም ቆመ።

ቀጥሎ የባሰ መጣ። የጭቃ ሹሙ በሬ በድንገት ሞተ። «ቢሻው በዓይኑ በላው» ተባለ። የጭቃ ሹሙ ሎሌዎች መጥተው ቆዳ የሚዘፈዝፍበትን ጉድጓድ በድንጋይ ሞሉበት። ቢሻው ዱላ አላነሣም፤ ዝምም አላለም። ከቅዳሴ በኋላ ጭቃ ሹሙና ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ከትልቁ ዝግባ ሥር ሄደና፣ «ጭቃ ሹም፣ በሬዎን አልበላሁም» አለ። ተሳቀበት። በሁለተኛው እሁድ ሄደ፤ ይህንኑ አለ። በሦስተኛውም ሄደ፤ ይህንኑ አለ። በሰባተኛው አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬም መጣህ?» ቢሉት፣ «ውሸቱ ዛሬም ስላልሄደ ነው፣ አባቴ» አላቸው።

በጸሎቱ ግን የጭቃ ሹሙን ስም በበጎ ያነሣ ነበር። እንጉዳይ ሰምታ ተቆጣች።

«ከጠላኋቸው፣ ጉድጓዴን ብቻ ሳይሆን ልቤንም በድንጋይ ሞሉት ማለት ነው» አላት። ከዚያም ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

የጊዮርጊስ ክብረ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው የደብሩን ከበሮ ቆዳ አይጥ በላው። የዝማሬው መሪ መሪጌታ ኅሩይ ከበሮውን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ወረዱ። እንጉዳይ «እስቲ እርስዎም ደጅ ይቁሙ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ቢሻው ቆዳ መምረጥ ጀምሮ ነበር። ያለውን ምርጥ ቆዳ ወጠረበት። «ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው» አለ። ጭቃ ሹሙ ግን «እሱ ዘንድ ምን ያቆየዋል?» ብለው ሳይደርቅ አስወሰዱት።

የበዓሉ ጠዋት ጉም ነበር። ከበሮው ሲመታ እንደ እርጥብ ጆንያ ሆነ። ዝማሬው ተቋረጠ። መሪጌታ ወደ ደጁ ወጡ። ቢሻው እንደ ወትሮው ቆሟል።

«አያ ቢሻው፣ ግባና አጥብቅልን።»

«ለማጥበቅ ከሆነ ከበሮው ወደ እኔ ይውጣ» አለ ቢሻው። «ለጸሎት ከሆነ ግን እኔ እገባለሁ።»

መሪጌታ ተመልሰው ገቡና ከበሮውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ካህናቱ ተከተሉ። ሕዝቡም ተከተለ። ቢሻው እሳት አነደደ፤ ቆዳውን አሞቀ፤ ጠፍሩን ሳበ። ሦስት ጊዜ መታው። ድምፁ ከማዶው ጋራ ደርሶ ተመለሰ። ካህናቱ እዚያው ደጅ ላይ፣ ቢሻው ዘጠኝ ዓመት በቆመበት መሬት ላይ ወረቡ።

ጭቃ ሹም ይመኑ በባዶው ቅጥር ብቻቸውን ቀሩ። ቆይተው ወጡ። በሕዝቡ ፊት፣ «በሬዬን እባብ ነው የነደፈው። ያኔም አውቅ ነበር። ማረኝ» አሉ።

«እግዜር ይማርዎ» አለ ቢሻው። «እንግዲህ ዝግባው ሥር መመላለሴ ቀረ።»

ሰው ሳቀ፤ እንጉዳይ ግን አለቀሰች። ከዚያ መሪጌታ፣ «ለጸሎት ነው» አሉና የሁለቱንም እጅ ይዘው አስገቧቸው።

ዛሬም ዝግባ ሜዳ ላይ በጊዮርጊስ ዕለት ከበሮ ከውስጥ አይጀምርም። ወደ ደጅ ይወጣል፤ እሳት ይነድለታል፤ ሦስት ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ መሪጌታው «ውጭ የቀረ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ አጠገቡ የቆመውንም እጅ ይይዛል። «የለም» እስኪባል ድረስ ማንም አይገባም።