ወተት የበዛበት አይስክሬም

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ ከእናቱ ጋር ፎቅ ቤት ይኖራል። አንድ ነሐሴ እናቱ ታመው ጉሮሯቸው አበጠ፣ ምግብ አልወርድላቸው አለ። ሐኪሙ «ቀዝቃዛ ነገር ያቅምሷቸው፣ አይስክሬምም ቢሆን» አለው።

ሰውየው በረረ። «ከሁሉ ጥሩውን!» አላት አይስክሬም ሻጯን። ሴትዮዋ ደግሞ መዋሸት የሚባል አታውቅም። «ዋጋው በወተቱ ልክ ነው ጌታዬ። ወተቱ ሲበዛ ይጥማል፣ ይወደዳል» ብላ ውዱን ሰጠችው።

እናትየው ጽዋውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቀዝቀዝ አላቸውና «ይቅር ልጄ» ብለው መለሱለት።

አልጣማቸውም ማለት ነው ብሎ በማግስቱ የባሰ ውድ አሠራ። ያንንም «ይቅር ልጄ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሻጯ ሳቀች። «ከዚህ በላይማ ላሟን ራሷን ልስጥዎት እንዴ?»

ሰውየው ግን እንባው መጣ። «እናቴ ልትሞትብኝ ነው። አንድ ማንኪያ እንኳ አልቀመሰችም።»

ሳቋ ቀጥ አለ። «ውይ! እናትዎ ይጾማሉ እንዴ?»

ጉድ! ለካ ፍልሰታ ነው። እሱ ጾም ከተወ ስንት ዘመኑ፤ ቤቱ ሥጋ ይሠራል። እናትየውም በልጄ ቤት እሱን አላሳፍርም ብለው ዝም ብለዋል።

ሻጯ ከፍሪጁ ሥር ከሁሉ ርካሹን አወጣች፤ ሎሚ፣ ስኳርና ውኃ ብቻ። ሳይቀልጥበት እየሮጠ ወሰደው።

«ወተት አለበት?» አሉ እናትየው ቀስ ብለው።

«የለበትም እማ። የጾም ነው።»

አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፤ የጽዋውን ሥር ሳይቀር ጠርገው ሲያበቁ «ይኼማ ውድ ሳይሆን አይቀርም» አሉት።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ትርፌ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ለእናቴ ውድ ውዱን ብገዛላት አይሻልም ወይ ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? ሻጯ አልዋሸችም የኔ ቆንጆ፤ ውዱ እውነትም ጥሩ ነበር። ግን ዋጋው የሚያውቀው ወተቱን ነው፤ የእናትየውን ጉሮሮ ከየት ያውቃል? ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ። ሻጩን «ስንት ነው» ከማለትሽ በፊት እናትሽን «ምን ይሁንልሽ» በያት። መጀመሪያ «ምንም አልፈልግ» ነው የምትልሽ፤ እህቴን አላውቃትም እንዴ! አንቺ ግን እንዳትነሺ፣ አጠገቧ ቁጭ በዪ።

ሂጂ በይ፤ ሱቁ የትም አይሄድ።