እንውጣ ያሉ ሽኮኮዎች

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ እናንተም ጆሮ ስጡኝ።

በአንድ ገደል ላይ ሽኮኮዎችና ዝንጀሮዎች ማኅበር ገብተው ይኖሩ ነበር። ዝንጀሮዎቹ አናቱ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ንስር ሲመጣ ይጮኻሉ፤ ሽኮኮዎቹም ሮጠው ዋሻቸው ይገባሉ።

ሽኮኮዎቹ አዲስ አለቃ ሊመርጡ ሲሰናዱ ግን ነገር ተነሣ። ቁጡው ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ «ዝንጀሮ ሣራችንን ጨረሰው! እኔን ምረጡና ከማኅበሩ እንውጣ!» አለ።

ፈሪው ሽኮኮ፣ «ከወጣን ማን ይጠብቀናል? እኔን ምረጡና እንቆያለን» ብሎ መለሰለት።

ብልጣብልጡ ደግሞ፣ «እኔን ብትመርጡ እንወጣለን፤ ዝንጀሮም መጠበቁን ይቀጥላል» አለ። ለእሱ ብዙ ተጨበጨበለት።

አሮጊቷ እመት ሽኮኮ ትዕግሥቷ አለቀ። «ለመሆኑ ዝንጀሮን ጠይቃችሁታል?»

«ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ እንምረጥ!» ብለው ጮኹባት።

በአንድ ዋሻ ያደጉ ወንድማማቾች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በምርጫው ቀን ሁሉም ሜዳ ላይ ወጥተው ሲጯጯሁ፣ ዝንጀሮዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ማዶው ገደል ሲሻገሩ ያየቻቸው አሮጊቷ ብቻ ነበረች።

«ወዴት ነው፣ አያ ዝንጀሮ?»

«እናንተ እንውጣ፣ አንውጣ ስትባባሉ ሰለቸን፣ እመት ሽኮኮ። እኛው ወጣን።»

አሮጊቷ እየሮጠች ተመልሳ፣ «ልጆቼ፣ ጠባቂዎቻችን ሄዱ! ግቡ!» ብላ ጮኸች።

«እማማ፣ ተራሽን ጠብቂ!» አሏት።

የንስሩ ጥላ ሜዳው ላይ ሲያርፍ፣ ገና ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው እየተከራከሩ ነበር።