ዘይቷ ሞልቶ የደረቀች ሞተርሳይክል

አንድ ሰው ነበረ፤ በያጅ ነው።

ጋሽ ዘለቀ ነገሩን የጀመረው እንዲህ ነው። ልስን የሚሠሩት እሱና ደምሰው ምሳ በልተው ግድግዳው ጥላ ሥር አረፍ እንዳሉ፣ ደምሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆት ነበር። «ጋሽ ዘለቀ፣ እሁድ እነ አያልነሽ ቤት ሽማግሌ እልካለሁ። መጠጥ ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሮ ሰካራም እንደነበርኩ ልንገራት ወይስ ያለፈ ነገር ነው ብዬ ዝም ልበል?» ጋሽ ዘለቀ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እየፋቀ የበያጁን ነገር ያወራለት ጀመር።

በያጁ አንዲት የውድድር ሞተርሳይክል ነበረችው። ትንሽ ናት። መብራት የላት፣ መስታወት የላት፤ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ዙሪያውን ለመብረር ብቻ የተሠራች። አንድ ቀን ሞተሯ ተቃጠለ። መለዋወጫ ቢፈልግ ጠፋ። ከሌላ፣ ከተሰበረች ሞተርሳይክል ላይ ሞተር አወጣና ማሰሪያውን ቆርጦ፣ በይዶ ገጠመላት። የሰውየው እጅ መቼም እጅ ነው፤ አዲሱ ሞተር ከድሮው በለጠ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። የድሮው ሞተር ዘይቱን ከመቀመጫው ሥር ካለችው ትንሽ እቃ በራሱ ፓምፕ ይስብ ነበር። አዲሱ ፓምፕ የለውም። ዘይቱን ለክተህ ቤንዚኑ ውስጥ ካልቀላቀልክለት ይደርቃል። ሰውየው እየቀላቀለ ነዳት፤ አንድም ቀን አላሳፈረችውም። ትንሿን የዘይት እቃ ግን አልነቀላትም፤ እንዳለች ቦታዋ ላይ ቀረች።

ቆይቶ ወገቡ እምቢ አለውና ሊሸጣት ወሰነ። እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከም አንድ ወጣት ሊያያት መጣ። ዙሪያዋን ዞረ፣ ተንበረከከ፣ እጁን አሻሸባት።

«እንደ ፋብሪካዋ ናት?» አለ።

በያጁ በልቡ አሰበ። ሞተሯ ተቀይሯል ካልኩት ይሄዳል፤ ወሬው ከተማውን ይሞላል፤ ከዛ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ደግሞስ ምን በደልኩት? ከበፊቱ የተሻለ ሞተር እኮ ነው።

«እንደምታያት ናት» አለው።

ዋሸ አይባልም። እውነቱንም አልተናገረም።

ወጣቱ አስነሳት። ታንኩ ውስጥ የቀረው የተቀላቀለ ቤንዚን ስለነበረ እንደ ንብ እምም አለች። «እንዴ! ይቺንማ ሽማግሌ ልኬም አገባታለሁ!» ብሎ ሳቀ። ገዝቷት ሄደ።

ከዛማ ወደዳት። ከሥራ ሲመለስ ሳይታጠብ እሷን ያጥባል። ቤት አስገብቷት ነው የሚያድረው፤ እናቱ «ለምን እኔን ደጅ አስተኝተህ እሷን አልጋ ላይ አታወጣትም?» እስክትለው ድረስ። ውድድሩ ሲደርስ ከተማው ውስጥ ምርጥ የሚባለውን ዘይት ገዝቶ ትንሿን እቃ እስከ አፏ ሞላት። ታንኩን ደግሞ ምንም ባልተቀላቀለበት ንጹህ ቤንዚን ሞላው። ያለውን ደህና ነገር ሁሉ ሰጣት ማለት ነው።

በያጁም ሊያይ ሄዶ ዳር ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። የኋላ ጎማዋ ተቆለፈ። ልጁ ተወርውሮ አቧራው ውስጥ ገባ። ሮጠው ሲደርሱ ትከሻው ተሰብሯል። እሱ ግን ትከሻውን ትቶ ስለ እሷ ነው የሚለፈልፈው፤ «ምን አጎደልኩባት? ዘይቷን ሞልቻለሁ እኮ! ክፈቱና እዩ!»

ከፈቱ። ትንሿ እቃ እስከ አፏ ሙሉ ናት። አንድ ጠብታ አልጎደለባትም።

በያጁ እዛው አፈሩ ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ተናገረ። ልጁ ትከሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው።

«ብትነግረኝ እኮ ያው እገዛት ነበር» አለው። «ቀላቅዬ እሞላላት ነበር። ይኸው ነው።»

ጋሽ ዘለቀ እዚህ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ደምሰው አዞረ።

«አንተም እንደ ሞተርሳይክሏ ነህ፣ ልጄ። የድሮው ሞተርህ ተቃጠለ፤ አውጥተህ ጣልክና ሌላ ገጠምክ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለት ዓመት አብሬህ ስሠራ አይቼዋለሁ፤ ይሄኛው ይበልጣል። ግን አያያዝ አለው። አንተ ታውቀዋለህ፤ አያልነሽ ከየት ታውቀዋለች? በሰርጋችሁ ቀን ምርጡን ጠጅ መርጣ፣ በገዛ እጇ ቀድታ ትሰጥሃለች። ጠልታህ አይደለም፤ ወዳህ ነው። ያኔ ዘመድ ሁሉ እያየህ ምን ልትላት ነው?»

ደምሰው ቀና አለ።

«እሺ፣ ነግሬያት እምቢ ብትለኝስ?»

«እምቢ ካለችህ፣ ቆመህ ሳለህ ነው» አለው ጋሽ ዘለቀ። «መታጠፊያው ላይ አይደለም።»